«የተበላሁትን ላስመልስ»፦ በሆሳዕናና በአካባቢው ከተሞች የውርርድ ኪሳራ ዳሰሳ

በተከታታይ የተበላ ሰው ምን ያድርግ? በሆሳዕና ከጎፈር ሜዳ እስከ ሴች ዱና፣ ወጣ ሲሉም በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ ይህ ጥያቄ ከየሳምንቱ የእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ ይነሳል። መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ጓደኛ «ብዙ ጨዋታ አትደራርብ» ብሎ ይመክራል። የቴሌግራም ነጋዴው «የተረጋገጠ ጌም አለኝ» ይላል። ሰባኪ ይገሥጻል፣ ባለሥልጣን ቤቱን ያሽጋል፣ ከውጭ የመጣው የፖከር ምክር ደግሞ «ታገሥ፣ ይመለሳል» ይላል። መልሶቹን ተራ በተራ ስመዝን ከሁሉም አደገኛ ሆኖ ያገኘሁት ይህ የመጨረሻው ነው። ትዕግሥት የሚጠቅመው ጨዋታው በረጅም ጊዜ ለእሱ የሚያደላለትን ሰው ነው። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ደግሞ በረጅም ጊዜ የሚያደላባቸውን ነው።

የመስመር ላይ ፖከር በእኛ አገር ሥር አልሰደደም። የወጣቱን ኪስ የያዙት የስፖርት ውርርድና አቪዬተርን የመሳሰሉ የስልክ ጨዋታዎች ናቸው። የስፖርት ውርርዱ ፈቃድ ከብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የተስፋፋውም ቲኬት በሚያትሙ ቤቲንግ ቤቶች በኩል ነበር። በየቤቱ በር ላይ ከ21 ዓመት በታች መጫወት ክልክል መሆኑ ተጽፎ ይታያል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ገንዘብ ማስያዝም ሆነ ማውጣት ከአልጋ ሳይነሱ የሚሠራ ነገር ሆነ። ቤቲንግ ቤቱ ማታ ይዘጋ ነበር፤ ስልኩ አይዘጋም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ እንደኪሴና መላ የተባሉት የስልክ ብድሮች መጡ። አገልግሎቶቹ የታሰቡት ለጊዜው ለቸገረው ሰው ነው፤ ብዙ ነጋዴም ተጠቅሞባቸዋል። እየተበላ ባለ ሰው እጅ ላይ ግን ብድሩ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያየው፣ የሚቀጥለውን ቲኬት መግዣ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከፖከሩ እንጀምር፤ ስለ ተከታታይ ሽንፈት በዓለም ላይ ብዙ የጻፉት የፖከር ሰዎች ናቸውና። በፖከር ተጫዋቹ የሚጫወተው ከሌላ ተጫዋች ጋር ነው። ቤቱ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል እንጂ ከተጫዋቹ ጋር አይወራረድም። ስለዚህ ከሌሎቹ በእውነት የሚበልጥ፣ ከቤቱ ድርሻም የሚተርፍ ችሎታ ያለው ሰው በረጅም ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል። ነገር ግን እሱም ይሸነፋል። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ገና ከጅምሩ ያለውን ሁሉ ቢያስይዝ፣ ከመቶው 82 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፤ 18 ጊዜ ያህል ደግሞ ምንም ሳያጠፋ ይበላል። እንዲህ ያሉት ሽንፈቶች ሲገጣጠሙ ጎበዙ ተጫዋች ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በኪሳራ ያሳልፋል። ለዚህ የሚሰጠው ምክር የበሰለ ነው፦ ለኑሮህ ከማያስፈልግህ ገንዘብ ላይ ትንሽ ትንሹን ብቻ አስይዝ፣ ንዴት ሲይዝህ ተነስ፣ የተጫወትከውን በሰከነ መንፈስ መርምር፣ ወደ ትንሽ ጠረጴዛ ውረድ። እነሱ በንዴት መጫወትን «ቲልት» ይሉታል፤ ከሽንፈቱ ይልቅ ሰውን የሚጨርሰው ይኸው ንዴት እንደሆነም ደጋግመው ይናገራሉ።

ይህ ምክር በሙሉ የቆመው ተጫዋቹ ብልጫ አለው በሚል አንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው ተቆርጦ ምክሩ ብቻ ወደ ስፖርት ውርርድ ሲሻገር ሌላ ነገር ይሆናል። «ኪሳራ ያለ ነው፣ ፕሮፌሽናሎቹም ይሸነፋሉ፣ ዲሲፕሊን ይኑርህ» የሚለውን ንግግር በአማርኛ የውርርድ ቻናሎች ላይ የሰማ አንባቢ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶችን እንውሰድ፤ ለምሳሌ በጨዋታው የሚገቡት ጎሎች ከ2.5 በላይ ይሆናሉ ወይስ በታች። ፍትሐዊው ኦድ፣ ማለትም ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ ለሁለቱም 2.00 ነው። አወራራጁ ግን ለሁለቱም 1.85 ሰጠ እንበል። 100 ብር ያስያዘ ሰው በግማሹ ጊዜ 185 ብር ይወስዳል፣ በግማሹ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። በአማካይ ከ100 ብሩ የሚመለስለት 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ቀሪው 7 ብር ከ50 የቤቱ ነው። ይህ ለአንድ ጨዋታ ነው። የእኛ አገር ተጫዋች ግን አንድ ጨዋታ ብቻ አይመታም፤ በ20 ብር ብዙ ሺህ ለማግኘት አሥርና አሥራ አምስት ጨዋታ ይደረድራል። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲደረደሩ የቤቱ ድርሻም አሥር ጊዜ ይደራረባል፤ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው ወደ 46 ብር ይወርዳል። ቲኬቱ የሚሳካውም ከ1,024 አንድ ጊዜ ነው።

«እኔ እኩል ዕድል ያላቸውን ሳይሆን እርግጠኛ ቡድኖችን ነው የምመርጠው» የሚል ይኖራል። እሺ፤ እያንዳንዱ ምርጫው ከመቶ 70 የመሳካት ዕድል ይኑረው። አሥሩም አብረው የሚሳኩት ከመቶ ሦስት ባልሞላ ጊዜ ነው። ይህ ሰው በቀን አንድ እንዲህ ያለ ቲኬት ቢቆርጥ፣ ወሩን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ የመጨረስ ዕድሉ ከመቶ 42 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ «ጠፋብኝ፣ እጄ ተያዘ፣ ዕድሌ ዞረ» የሚለው ሰው ምንም የተለየ ነገር አልደረሰበትም። የደረሰበት የጨዋታው የዘወትር መልክ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢበዛ ብዙ ልጅ ራሱን ከመራገም ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአቪዬተር ነገሩ በሌላ መንገድ ይመጣል። ጨዋታውን የሠራው ስፕራይብ የተባለው ኩባንያ ለተጫዋቾች በአማካይ ከመቶው 97 እንደሚመለስ ይገልጻል። ቤቱ ከመቶ ሦስት ብቻ የሚወስድ ስለሚመስል ለተጫዋቹ ከስፖርቱ የተሻለ ይመስላል። ግን የእግር ኳስ ጨዋታ 90 ደቂቃ ሲፈጅ በአቪዬተር የምትበረው አውሮፕላን በሰከንዶች ውስጥ ተነስታ ትጠፋለች። በአንድ ምሽት 200 ዙር በ100 ብር የተጫወተ ሰው በጠቅላላው 20,000 ብር አስይዟል፤ አማካይ ኪሳራው 600 ብር ነው። ይህን በወር ማባዛት ለአንባቢ እተወዋለሁ። የስንት ወጣት የቀን ገቢ 600 ብር እንደሚሞላም አብሮ ማሰብ ነው።

ስለዚህ መበላት የሚጠበቅ ነገር ከሆነ፣ ሰውን የሚያፈርሰው ከመበላት በኋላ የሚመጣው ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው ለዚህ ስም አላቸው፤ «ላስመልስ» ይላሉ። በ50 ብር የተበላ ሰው በ100 ይገባል፣ ከዚያ በ200፣ በ400። ሐሳቡ አንድ ጊዜ ካሸነፍኩ ሁሉም ይመለሳል የሚል ነው። ከ50 ብር የተነሳ ሰው ስምንት ጊዜ በተከታታይ ቢበላ የከሰረው 12,750 ብር ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያሳድደውም መጀመሪያ ሊያገኛት የነበረችውን 50 ብር ለማትረፍ ነው። ስምንት ተከታታይ ሽንፈት ብዙ ለሚጫወት ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት የሩሌቷ ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች «አሁንስ ቀይ መምጣት አለበት» እያሉ ገንዘባቸውን እያሳደጉ ቀይ ላይ ደረደሩ፤ ብዙዎቹም አጥተው ሄዱ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። የማንቸስተር ዩናይትድ የዛሬ ውጤትም ትናንት የተበላህበትን ቲኬት አያውቅም።

ይህ ግን የማሰብ ጉድለት ብቻ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ኪሳራ ውስጥ ሲሆን ባሕርይው ይለወጣል፤ ትርፍ ላይ ሳለ ጥንቁቅ የነበረው፣ የተረጋገጠን ኪሳራ ላለመቀበል ሲል የባሰ አደጋ ይመርጣል። ሌላው ደግሞ «ለጥቂት» የሚባለው ነገር ነው። ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ሲቆርጠው፣ ተጫዋቹ ቲኬቱን እያሳየ ሰፈሩን ይዞራል፤ ሽንፈቱን እንደ ግማሽ ድል ይቆጥረዋል። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 የአእምሮ ምስል በማንሳት ባደረጉት ጥናት፣ ለጥቂት መሳት ማሸነፍ የሚቀሰቅሰውን የአእምሮ ክፍል በከፊል እንደሚቀሰቅስና የመጫወት ፍላጎትን እንደሚጨምር አሳይተዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 የቁማር ሕመምን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ ይኸው የጠፋን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የቴሌግራም ነጋዴው የሚመጣው። አሠራሩን በቁጥር ላሳይ። 1,600 ሰው የሚከተለው ሰው ለግማሾቹ አንዱ ቡድን ያሸንፋል ብሎ ይልካል፣ ለግማሾቹ ሌላው። ከተሳካላቸው 800 ጋር እንደገና ይከፍላል፤ 400፣ 200፣ 100፣ በመጨረሻ 50 ይቀራሉ። እነዚህ 50 ሰዎች አምስት ጊዜ በተከታታይ ትክክለኛ ትንበያ ደርሷቸዋል፤ ሰውየው የውስጥ መረጃ እንዳለው ለመማል ዝግጁ ናቸው። ያን ጊዜ ለስድስተኛው ክፈሉ ይላቸዋል። የሌሎቹ 1,550 ድምፅ አይሰማም። ይህ ዘዴ በብዙ አገር የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ሌላው መንገድ ደግሞ የተሳካ ቲኬት ምስል አስተካክሎ መለጠፍ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ገንዘብ መላክ ሁለተኛ መበላት ነው።

የአሸናፊውን ብቻ መስማት በእኛ አካባቢ ከውርርድ በፊትም የቆየ ችግር ነው፤ ይህን ሳልነካ ባልፍ ስለ ሀዲያና ከምባታ የጻፍኩ አይመስለኝም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት ለማንም ስውር አይደለም። የተሳካለት በላከው ገንዘብ የተሠራው ፎቅ መንገድ ዳር ቆሞ ይታያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱት 64 ሰዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ሲገኝም የአገሪቱ ፖሊስ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተናግሯል። እነሱ መንገድ ዳር የቆመ ነገር የላቸውም። ለዓመታት «እገሌ ተሳካለት» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ሕይወት የሚለወጠው በአንድ ትልቅ አጋጣሚ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ቲኬቱ ያንኑ ተስፋ በ20 ብር ይሸጥለታል። ሲበላ ደግሞ ወንድም ከጆሃንስበርግ ዕዳውን ይከፍልለታል፤ የተላከው ገንዘብ በእጁ ከገባ ወደ ቲኬት የመመለስ አደጋ አለው።

የሚገርመው፣ ኪሳራ የሌለበትን ዕጣ የምናውቅ ሕዝቦች ነን። እቁብም ዕጣ ያወጣል። ሃያ ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 10,000 ይወስዳል፤ ዘግይቶ የደረሰውም ያንኑ 10,000 ይወስዳል። የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው። ለመስቀልና ለያሆዴ በዓላት ወንዶች ለሰንጋ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠራቅሙትም በዚሁ መንገድ ነው። በውርርድ ከሚደርሰው ጉዳት ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ የጋራ ገንዘብ ሲነካ ነው። የሰንጋውን ድርሻ የበላ አባት በበዓሉ ቀን ከቤቱ ይጠፋል፤ ልጆቹ ምክንያቱን ከጎረቤት ይሰማሉ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? አካባቢው በአብዛኛው የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ምእመን የሚገኝበት ነው፤ ቁማር ኃጢአት መሆኑን ያልሰማ የለም። ትምህርቱ ብዙ ወጣት ገና ከደጅ መልሷል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ምክሮች ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው። አንድ ጎድሎ የማየው ነገር አለ። አስቀድሞ ለገባው ሰው ተግሣጹ ብቻውን ሲመጣ ይሉኝታውን ያከብደዋል፤ ይሉኝታ ደግሞ ምስጢር ይወልዳል፣ ምስጢር «ሳይሰማ ላስመልሰው» ያሰኛል። በዝማሬ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ዕዳውን ቢናገር ከአገልግሎት የሚታገድ ከመሰለው አይናገርም። መጋቢዎችና ሽማግሌዎች አንድ ሰው በግሉ መጥቶ፣ ሳይዋረድ፣ የዕዳውን ልክ የሚናገርበት ሰዓት ቢመድቡ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በአንጻሩ «በእምነት ከገባሁ እግዚአብሔር ይክሰኛል» የሚል ሐሳብ ካለ በግልጽ መነቀል ይገባዋል።

የመንግሥትን መልስ በአጭሩ ልለፈው። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ቤቲንግ ቤቶች የታሸጉባቸው ጊዜያት ነበሩ። ኬንያ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ስፖርትፔሳን ጨምሮ የትልልቅ አወራራጆችን ፈቃድ አግዳ ነበር፤ ተወራራጁ ወደ ሌሎቹ ተሻገረ እንጂ ውርርዱ አልቆመም። ቤት ማሸግ ለትምህርት ቤት ቅርብ የሆነውን ቤት ከተማሪ ዓይን ያርቃል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስልኩን ግን አይነካም። የሚነካው የዕድሜ ማረጋገጫ፣ የቀን የገንዘብ ጣሪያና ተጫዋቹ ራሱን የሚያግድበት ቁልፍ ነው፤ አወራራጆች እነዚህን እንዲያሟሉ ማስገደድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ሥራ ነው። በነገራችን ላይ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ተጥሏል፤ ኪሳራ አይቀነስም። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው የተጫዋቹ ድርሻ ከዚያም ያንሳል።

የሚሠራው ምንድን ነው? በሌላው ዓለም የተፈተነውና እዚህም ሊሠራ የሚችለው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ኪሳራውን ዘግቶ ለሰው መናገር። እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው ስም የለሽ ቁማርተኞች ማኅበር ዋና መሣሪያው ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው መነጋገራቸው ነው። ለዚህ ልዩ ሕንፃ አያስፈልግም። የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው የምክር ዓይነትም «አሁንስ ይመጣል» የሚለውን እምነት እየፈተነ ብዙ ሰው ረድቷል። እንቅልፍ ያጣ፣ ሕይወቱ ያስጠላው፣ ራሱን ስለ መጉዳት ማሰብ የጀመረ ሰው ግን ምክር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፣ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሰው ለአንድ ሌሊት እንኳ ብቻውን አይተወው።

ቤተሰብ ዕዳ ሲከፍልም ገንዘቡን ለልጁ አይስጥ፤ በቀጥታ ለአበዳሪው ይክፈል፣ ያውም ዕዳው በሙሉ በወረቀት ተዘርዝሮ ከታየ በኋላ። የተደበቀ ዕዳ ካለ ለማስመለስ የሚገፋው ምክንያትም አብሮ ይቆያል። የእቁብ ዳኞችና የእድር ሹሞች የተበላን አባል ከማባረር ይልቅ በየወሩ እየከፈለ እንዲመልስ ቢያደርጉት የጋራውም ገንዘብ ይመለሳል፣ ሰውየውም ከሰው አይለይም።

ይህን እያነበብክ ያለኸው ዛሬ የተበላህ ወንድሜ ከሆንህ፣ ሌላ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት የቴሌብርህን ታሪክ ክፈትና የዚህን ዓመት ያስያዝከውንና ያወጣኸውን ደምር። ልዩነቱን ጻፈው። ያ ገንዘብ አይመለስም፤ ዛሬ ማታም አይመለስም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም አይመለስም። ወረቀቱን ይዘህ ነገ ጠዋት ለአንድ ለምታምነው ሰው፣ ለእናትህም ይሁን ለወንድምህ ወይም ለመጋቢህ፣ አሳይ። ስልክህን የሚይዝልህ፣ ደመወዝህን ወይም የባጃጅህን የዕለት ገቢ ለጊዜው የሚቀበልህ ሰው እንዲሆን ለምነው።